አጭሩ ሞላ

«ጋሼ፣ አሁን እኮ መኪናው ላይ መውጣት የሚቸግረው ሰው የለም። መኪናው መሬት እየነካ ስለነበር፣ ያኔ አውጥቼ ያስቀመጥኩትን ረጅሙን ሞላ መልሼ ገጠምኩልዎት።»

የሺዬ፣ ካባላጋላ ሰፈር ያለው መካኒካችን ማክሰኞ ዕለት ቃል በቃል እንዲህ አለኝ። ከተለየሽኝ አሥራ አንድ ወር ሆነ፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ እንደዚህ ያቆሰለኝ ንግግር የለም። ፒካፑን የወሰድኩለት ፍሬኑን እንዲያይልኝ ብቻ ነበር።

አሁን እውነቱን ልንገርሽ። ጉልበትሽ አልታጠፍ ሲል መርገጫ ሳጥን ባመጣልሽ በእግርሽ ገፋሽው። ደግፌ እንዳላወጣሽም ከለከልሽኝ። ስለዚህ ሳትቸገሪ የምትወጪውን የወጥ ቤቱን ደረጃ በሜትር ለካሁ፤ ቁጥሩን ለመካኒኩ ሰጥቼ የፊቱን ሞላ በአጭር አስቀየርኩ። ላንቺ ግን ሞላው አርጅቶ ረገበ ብዬ ዋሸሁሽ። እሁድ ለቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ብቻሽን ገባሽ፣ ነጠላሽን አስተካከልሽና «መኪናውም እንደ አንተ ማጎንበስ ጀመረ» አልሽኝ። ከሰፈራችን ከቡኮቶ ስንወጣ መኪናው በየመንገዱ እብጠት ሆዱን ሲፍቅ እጅሽን ጉልበቴ ላይ ታሳርፊ ነበር። ሆን ብዬ እንዳሳጠርኩት ማወቅ አለማወቅሽን ያን ጊዜ ልጠይቅሽ ይገባኝ ነበር።

ቤቱ እንዳለ ነው። ልጃችን ዋንዴገያ ሰፈር ክፍል ተከራይታ ትማራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥታ የቀቀልኩትን የማቶኬ ሙዝ ሳትወቅሰኝ ትበላለች። አንቺ ብትሆኚ ትወቅሺኝ ነበር።

ትናንት ባንቺ በኩል ያለውን በር ከፍቼ ከመሬት ያለውን ከፍታ ለካሁ። አምስት ሴንቲሜትር ጨምሯል። አሁን አንቺ የማትወጪበት መኪና ነው።

አጭሮቹን ሞላዎች የት እንዳደረሳቸው መካኒኩን ብጠይቀው፣ ከአሮጌው ብረት ጋር ሳይሸጡ አይቀርም አለኝ። አይቀርም ማለት መልስ አይደለም። ክፉ ሰው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ አስከሬንሽን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነው። ቢሆንም የት እንዳሉ በጽሑፍ እንዲያስረዳኝ፣ ፈልጎም እንዲመልሳቸው የሚጠይቅ ሁለት ገጽ ጽፌለታለሁ።

የቁጣ ደብዳቤዎቼን ሳልልካቸው እርሳስ ይዘሽ ግማሹን ትሰርዢ ነበር፤ በተለይ «አሳፋሪ» የሚለውን ቃል። ለመካኒኩ በጻፍኩት ውስጥ ሦስት ቦታ አለ።

ሞላዎቹ ተገኙም አልተገኙም፣ እግርሽ የሚነሳበትን ልክ እስክሞት አልረሳውም። ደብዳቤውን የምወስድለት ዓርብ ጠዋት ነው። የሚሰረዝ ካለ እስከ ሐሙስ ማታ በጽሑፍ አሳውቂኝ።