ከፈንቴ ማሳ ፊት ለፊት

አምባ ጊዮርጊስ፣ ታኅሣሥ ፫ ቀን ፲፱፻፵፯ ዓ.ም.

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለእናኑ፤ አስመራ

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽና ልጆችሽስ ደኅና ናቸው? እኛ መድኃኔዓለም ይመስገን ደኅና ነን። ዘንድሮ ውርጩ በርትቷል፤ የእኛ ገብስ ግን ሸጋ ነው።

ደብዳቤሽ በጥቅምት መጀመሪያ ደረሰኝ። «ወንድማችንን ነጋን የገደለው ፈንቴ ዛሬም ያርሳል፣ ዛሬም ይስቃል። አንተ ኮሪያ ድረስ ሄደህ የሰው ጠላት ስትወጋ ኖረህ የገዛ ደምህን ምነው ረሳህ?» ብለሻል። አልረሳሁም። ልጅ ሳለን አያ ፈንቴ እያልን የምንጠራው ሰው በድንበር ጠብ ያደረገውን እንዴት እረሳለሁ? የሆነውን ልንገርሽ።

ኮሪያ አገር ፑሳን ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ ስለነበረው ቻይናዊ አጫውቼሽ አላውቅም። ሊ ይሉታል፤ ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ እዚያው አገር የኖረ፣ የሆስፒታሉን አንሶላ የሚያጥብ ሽማግሌ ነው። ጎኔን የመታኝ የመድፍ ፍንጣሪ ከወጣልኝ በኋላ ትንፋሼ ደረቴ ላይ እየተቋረጠ ሲያስቸግረኝ አየና አንድ ማለዳ ግቢው ውስጥ አቆመኝ። እግር ፈርከክ፣ ጉልበት ላላ፣ ትከሻ ወደ ታች፣ እጅ ጋን እንዳቀፈ ሰው። ትንፋሹ ከእምብርት በታች ድረስ ይወርዳል፤ ከዚያ ዝም ብሎ መቆም ነው። በአገራቸው ከጥንት የቆየ ጥበብ እንደሆነ አስተርጓሚው ነገረኝ። በወሩ ድኜ ተነሣሁ።

ሁለት ልጆቹ በዚያው ጦርነት እንደሞቱ የሰማሁት በኋላ ነው። በማን ጥይት እንደሆነ አልጠየቅሁም። «እንዴት ብለህ የእኛን ደም ታጥባለህ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ቂሜን ማለዳ ማለዳ ወደ መሬት አወርደዋለሁ» አለኝ። ዕቃ ሲነሣም፣ ሲኬድም፣ ሲቆጡም ያው ነው፤ አትታገል፣ ክብደትህን ለመሬት ስጥ ይል ነበር። አገሬ ከገባሁ ወዲህ አቀበት ስወጣም፣ እርፍ ስይዝም፣ ሳጭድም በእሱ ዘዴ ነው።

ደብዳቤሽ በደረሰ በሳምንቱ ምንሽሬን ይዤ ከፈንቴ ማሳ ራስጌ ካለው ወይራ ሥር አደፈጥሁ። ጎሕ ሲቀድ ገብሱን ሊያይ ወጣ። ደረቱ ላይ አነጣጠርሁ። ሊ እንዳስተማረኝ ተነፈስሁ። እጄ ጸና፤ ግን ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ብተኩስ ነገሩ በቅጽበት ያልቃል። ነጋ ከጀርባው ተመትቶ ወንዝ ዳር ሲያጣጥር ነው የዋለው። ምንሽሩን አስቀመጥሁና ወጥቼ ከማሳው ፊት ለፊት ካለው ጉብታ ላይ ጋን እንዳቀፈ ሰው ቆምሁ።

አየኝ። ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በማግስቱም ቆምሁ፣ በሦስተኛውም ቀን። ቃል አልተናገርሁትም፣ ድንበሩንም አልረገጥሁም። በሳምንቱ ፈንቴ ወደ ማሳው መምጣት ተወ። ገብሱ ሳይታጨድ ራሱን ደፋ፣ ወፍ ለቀመው። ሰዉ «አለነ ከቻይና ድግምት ተምሮ መጣ» ይል ጀመር። ፈንቴ እህል አልወርድ ብሎት፣ ኮሽ ባለ ቁጥር እንደሚበረግግ ሰማሁ።

የንስሐ አባታችን አባ ተክለ ጊዮርጊስ ጉብታው ድረስ መጡ።

«ምነው ልጄ፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«እየተነፈስሁ ነው አባቴ።»

«ትንፋሽህ ሰው እየገደለ ነው።»

«እጄን አላነሣሁበትም።»

«ብታነሣበትስ ንስሐ እሰጥህ ነበር» አሉኝ። «ይህን ግን ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም።»

ኅዳር ሚካኤል ዕለት ፈንቴ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ መጣና በሽማግሎች ፊት ተንበረከከልኝ። ዳኛ ፊት ምስክር ጠፍቶ የተለቀቀበትን ነገር በገዛ አፉ አመነ፤ ነጋን ከጀርባው የተኮሰበት እሱ ነው። ሰውነቱ አልቆ አጥንቱ ይቆጠራል። ሚስቱ ሽታዬ ድንጋዩን ከሥር በእጇ ደግፋ ታለቅሳለች። ሽማግሎቹ ሦስት ጊዜ ለመኑኝ። ይቅር ለእግዚአብሔር ብል ድንጋዩ ይወርድለት ነበር።

እታለም፣ ልቤ የዚያን ዕለት ያህል ደስ ብሎት አያውቅም። ይህን ላንቺ እጽፋለሁ እንጂ ለንስሐ አባቴ አልተናገርሁም። ከዚያ ወዲህ ግን ስቆም ትንፋሹ ከደረቴ አልወርድ ብሎኛል፤ ጎኔም እንደገና ይወጋኛል። ሊ ቢያየኝ ምን ይል እንደነበር አላስብም።

ለሽማግሎቹ «የቤታችን ታላቅ እናኑ ናት፤ ይቅርታው የሷ ነው፤ ጽፌ ልጠይቃት» አልኋቸው። ደግ ነገር መሰላቸውና መረቁኝ። ፈንቴም ቃልሽ እስኪመጣ በየማለዳው ድንጋዩን ተሸክሞ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሊቆም ቃል ገባ። ዛሬም ቆሞ አይቼው ነው የመጣሁ።

እንዲህ በይ፣ እንዲያ በይ አልልሽም፤ ታላቄ ነሽ። ብቻ ልጆችም ሥራም እንዳለብሽ፣ የአስመራ ፖስታም እንደሚዘገይ እዚህ ሰው ሁሉ ያውቃል። እመቤታችን ቤትሽን በጥላዋ ትከልልልሽ፤ ለዓይንሽ ብርሃን፣ ለጉልበትሽ ጽናት ትስጥሽ። ገናን በደስታ ዋይ፤ ጥምቀትንም ዋይ። መልሱን ከዚያ በኋላ ብትጽፊው ማንም አይቀየምሽም።

ታናሽ ወንድምሽ
አለነ