የሙሉቀን ዱላ በመተማ ድልድይ

ሰኞ

ዛሬም አስጎበኘሁ። ሁለት ሰዎች ከከተማ መጥተው በድልድዩ ዙሪያ የሚታይ ነገር ካለ እንመዝግብ አሉ። ታሪክ የሚያውቅ ሰው ሲፈልጉ ባለ ሻይዋ ሳትቀር ወደ እኔ ጠቆመች። ወደ ማን ትጠቁም? መተማ ላይ እኔን ጌጡን የማያውቅ ወይ ትናንት የመጣ ነው፣ ወይ ጌጡ ራሱ ያልፈለገው ነው።

ንጉሡ የወደቁበት ነው የሚባለውን ቦታ አሳየኋቸው። ከማዶ ጋላባት ኮረብታ ላይ ያለውን የድሮ ምሽግ በጣቴ አሳየሁ። አሁን መሻገር ስለማይቻል በጣት ነው የሚጎበኝ። ከዚያ ድልድዩን ራሱን። ሴትዮዋ አጭር ነው አለች። ድልድይ በርዝመቱ ሳይሆን በሚያሻግረው ነው የሚለካ አልኋት። ጻፈችው። የማታ ትምህርቴን ጨርሼ የለ፣ በትከሻዋ በኩል አየሁት፤ ቃሌን አንዲት ሳትቀንስ ነው የጻፈች።

ከድልድዩ ሥር ኮሩ፣ የክረምት ወንዙ ማለቴ ነው፣ ደርቋል። ላዩን የሚያልፈው ፍራሽና ሕፃን የተሸከመ ሰው ነው። ከማዶ ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ እንዲህ ነው። እሱን አልመዘገቡም።

መጨረሻ ላይ የሁመሩን ዛፍ አሳየኋቸው። ዋናው እሱ ነው። ዱላ ይዞ ድልድዩን መሻገር ስለማይፈቀድ፣ ሰሊጥ ሊያጭድ ወደ ገዳሪፍ የሚሻገር ሳሉግ ሁሉ፣ የቀን ሠራተኛ ማለቴ ነው፣ ዱላውን ግንዱ ላይ አስደግፎ ይሄዳል። ሲመለስ ያነሣል። ካልተመለሰ ዱላው ይቆማል። የቀበረው ሰው መጥቶ ካልመሰከረ ማንም አይነካውም። ዱላው እስከ ቆመ ድረስ ለቤተ ሰቡ መርዶ የለም፣ ልቅሶ የለም፣ ሚስትም ሚስት ናት።

ሰውዬው «ያንተ ዘመድ አለበት?» አለኝ። የወንድሜን የሙሉቀንን አሳየሁት። ወይራ ነው፣ ራሱ ላይ መዳብ የተጠመጠመበት። እንዲህ ያለ ዱላ ጎንደር ድረስ የለም አልኩት። ፎቶ አነሣው። እኔን ግን አላነሣኝም።

ማክሰኞ

ዛሬ ባልጽፍ በወደድኩ። ግን የማታ ትምህርት አስተማሪያችን ሐዘንም ቢሆን ጻፉ ትለን ነበር።

ዛሬ ከተሻገሩት መሐል ሰይድ የሚባል የወሎ ልጅ አለ። እግሩ አብጧል፣ ጫማው በገመድ ታስሯል። በቀጥታ ወደ ዛፉ መጣና «የሙሉቀን ዱላ የትኛው ነው?» አለ። የምን ሙሉቀን አልኩት። «ሙሉቀን ጎንደሬው። እርሻ ላይ አብረን ነበርን። እኔ ነኝ የቀበርኩት» አለኝ።

ምን ዓይነት ሰው ነበር ስለው፣ «ቀልደኛ። ጥይት ሲጮህ እንኳ ያስቀን ነበር» አለ።

በቃኝ። በዚህ ቆላ ውስጥ ከእኛ ቤት ሌላ ቀልደኛ አለ? ሰይድ ሊቀጥል ነበር። እኔ ግን መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ራሴን ያዝኩ። ስለ ወንድሜ የማወራው እኔ ሆንኩ። እንዴት እንደሚዘፍን፣ ትራክተር ነጂውን እንዴት እንዳሳቀው። ልጁ «አብሽር ወንድምዓለም፣ አብሽር» እያለ ትከሻዬን ይዞ ሰማኝ።

ረቡዕ

የዱላዎቹ ጠባቂ አያ ተሰማ ናቸው። ምስክር ሲመጣ እሳቸው ናቸው ቁጭ አድርገው የሚጠይቁት፣ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ጥያቄ። አሁን ግን ወባ ጥሏቸዋል። ቤታቸው ሄድኩ። በሰሌኑ ላይ ይንቀጠቀጣሉ።

«እስክነሣ ቆይ» አሉኝ።

እስኪነሡ ድረስ ወሬው በሚኒባስ ሸሕዲ ይገባል፣ የሙሉቀን ሚስት ትርንጎ የባሏን ሞት ከረዳት አፍ ትሰማለች አልኳቸው። ደግሞስ የሟቹ ወንድም እኔ፣ የተማርኩ ሰው፣ መጠየቅ ያቅተኛል? አያ ተሰማ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እሺ ማለታቸው ይሁን ትኩሳቱ አላውቅም። እሺ ነው ብዬ ወሰድኩት።

ዱላውን አነሣሁ። ምስጥ ሥሩን ትንሽ ቀምሶታል። ዛፉ ሥር ያሉት ሁሉ ተነሡ። ከማዶ የመጡት ሱዳናውያን እንኳ ወጉን ሳያውቁ ቆሙ። ተሸክሜ ስሄድ እንደኔ ያለ አሸካከም አይገኝም ብዬ ልቀልድ ፈለግሁ። ተውኩት።

ሐሙስ

መርዶው ተነገረ።

ሳይነጋ ነው የሄድነው፣ እኔና የሰፈሩ ሽማግሌዎች። ትርንጎ በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው ዱላውን ነው። እኔን አላየችኝም። ስንት ነገር አዘጋጅቼ ነበር። አንዱም አላስፈለገ።

አልጮኸችም። ጎረቤቶቹ ናቸው የጮኹት። እሷ ዱላውን ተቀብላ ግድግዳው ላይ ካስደገፈች በኋላ ነው መሬት የወደቀችው። ልጅቷ አባቷን አታስታውስም፤ እናቷን አይታ አለቀሰች።

ዓርብ

ድንኳኑ ሞልቷል። ሳሉጎቹ ከእርሻ በትራክተር ተጎታች መጡ። የጎጃሞቹ በጎጃም ያለቅሳሉ፣ የወሎዎቹ በወሎ። አንዱ በሙሾ «ደልዳላው ወንድሜ፣ የድልድዩ ማዶ» ሲል ሁሉም አነባ። ከእኔ የተሻለ ሙሾ አውራጅ መኖሩን ዛሬ አወቅሁ። እውነቱን መጻፍ አለብኝ።

ትርንጎ ጥቁር ለብሳለች። አንዴ ወደ እኔ ዞራ «ማን ቀበረው ጋሼ? በሰው ወግ ነው የተቀበረው?» አለችኝ። የቀበረው ልጅ እግሩ ሲሻለው ለሣልስቱ ይመጣል፣ ራሱ ይነግርሻል አልኳት። እኔ አላውቅማ። አልጠየቅሁም።

ቅዳሜ፣ ሣልስት

ሰይድ መጣ። እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ድንኳኑ መሐል አስቀመጡት። ትርንጎ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

ሳይቸኩል ነገራት። ሙሉቀን ውኃ ሊቀዳ ወደ ቦይ ሲወርድ ጥይት እንዳገኘው። ቶሎ እንዳለፈ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ፣ «እኔ እስላም ነኝ እትዬ፣ ግን የእናንተን ወግ አይቼ አውቃለሁ። ሁለቱን የእጁን አውራ ጣቶች በክር አስሬ ነው የቀበርኩት። ያለ ወግ አልሄደም» አለ።

ሴቶቹ እልልታ በሚመስል ልቅሶ መረቁት። ትርንጎ ግን ቀና አለች። ለቅሶዋ እንደ ቧንቧ ተዘጋ።

«ሁለቱንም?» አለች።

«ሁለቱንም።»

«በእጅህ ይዘህ?»

«በእጄ ይዤ እትዬ። ወላሂ።»

ትርንጎ ወደ እኔ ዞረች። ያን አስተያየት እስክሞት አልረሳውም። እኔም ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የወንድሜ የግራ እጅ አውራ ጣት የለም። የማሽላ መውቂያው ማሽን ቀበቶ ከሥሩ በልቶታል፣ ገና ትርንጎን ሳያገባ። እኔ ነኝ ደሙን በሻሼ አስሬ ክሊኒክ ያደረስኩት፣ እስከ ዛሬም በዚህ የምኩራራ። ሰይድን ግን ስለ ገላው አንድ ነገር አልጠየቅሁትም። ቀልደኛ ሲለኝ በቃኝ።

የሞተው ሌላ ሙሉቀን ነው። ሌላ ጎንደሬ፣ ሌላ ቀልደኛ።

ድንኳኑ ተተራመሰ። እልል ያለ አለ። የተቆጣ አለ። አንዱ ሽማግሌ «አንተዋ ጌጡ፣ በሰው ነፍስ ትቀልዳለህ?» አለኝ። በሕይወቴ ያልቀለድኩት አንዴ ነው፣ እሱም ይኸው። ሰይድ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል። ጓደኛው ዳግመኛ የሞተበት ይመስላል።

ወጣቶቹ ድንኳኑን ሊያፈርሱ ገመድ መፍታት ጀመሩ። ትርንጎ ተነሣች።

«አትንኩት። ያኛውስ ሰው አይደለም? እናቱ አልሰማች፣ ሚስቱ አልሰማች። ተቀመጡ፣ እናልቅስለት።»

ተቀመጡ። ላላዩት ሰው፣ ሥጋ ላልሆነ፣ እስከ ማታ ተለቀሰ። ሰይድ ደረቱን እየደቃ ጓደኛውን አወራልን፣ በዚህ ጊዜ ማንም አላቋረጠውም። ሟቹ ስለ ሳንጃ ከተማ ያነሣ እንደነበር አስታወሰ። ዘመዶቹን ፍለጋ ማክሰኞ አብረን እንሄዳለን። መንገዱ ደኅና ከሆነ። ሰው ከመኪና የሚያወርዱ አሉ ይባላል።

እሑድ

አያ ተሰማ ትኩሳቱ ለቋቸዋል። በሰው ስልክ ነው ያነጋገሩኝ። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። «በዚህ ቆላ ስም አይጠየቅም ልጄ። ገላ ነው የሚጠየቅ» ብቻ አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር። የተነሣ ዱላ ይመለሳል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ሆኖ ስለማያውቅ እሳቸውም ወጉን አያውቁም። ሚስቱን ጠይቅ አሉ።

ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። ትርንጎ ጥቁሩን አላወለቀችም። ይቅርታ ልላት ነበር፣ አንድ ሁለት ቀልድም አዘጋጅቼ ነበር፣ ደስ ይላታል ብዬ። ሙሉቀን ምናልባት አለ። አለ ማለት እኮ ነው! ዱላውን ነገ ልመልሰው ወይ አልኳት።

«አይመለስም» አለች። «እዚሁ ይቁም። ከመጣ ከቤቱ ይውሰደው። እዚያ ድልድይ ሥር የማንም መታያ አይሁን።»

እሺ አልኳት። ተነሥቼ ልወጣ ስል ጠራችኝ።

«ጋሼ፣ ለሰው የማይነገር ነገር ልንገርዎ። ሞተ ያላችሁኝ ሌሊት ተኛሁ። አልቅሼ አልቅሼ፣ እንደ ድንጋይ ተኛሁ። እሱ ከሄደ ወዲህ እንዲያ ተኝቼ አላውቅም። አሁን ደግሞ አልሞተም አላችሁኝ።»

ከማዶ የሚመጡ አሉ፣ ሁሉንም እጠይቃለሁ፣ ገላውን እጠይቃለሁ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። መደቡ ላይ ጋደም ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልጅቷ እናቴ ተኝታለች፣ አትረብሻት አለችኝ በሹክሹክታ።

በሩ ጋ ቆሜ አየኋት። ዓይኗ ክፍት ነበር።