የማናህሎኝ ዓይን ነገር

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእትዬ ወለተ ጊዮርጊስ፣ አስመራ

እንደምን ከርመዋል? ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ያ በክረምት የጀመረዎት የጉልበት ቁርጥማት ለቀቀዎት ወይ? የአስመራው ብርድስ እንዴት ይዞዎታል? እኛ አምላክ የተመሰገነ ይሁን፣ ደህና ነን። በርበሬው ዘንድሮ ሸጋ ነው፤ ጤፉ ገና አውድማ ላይ ነው። ናፍቆትዎን ብቻ አልቻልነውም።

ነጋዴው ሙሄዲን ደብዳቤዎን አድርሶኛል። የአዲሶቹ አሠሪዎችዎ ግቢ ሰፊ ስለሆነ ማናህሎኝን በእሱ መኪና እንድልክልዎ ጽፈዋል። ፍኖተ ሰላም መንገድ ያሠራ በነበረው ፈረንጅ ማድ ቤት ከቡችላነቱ ያሳደጉት፣ ፈረንጁም ሲሄድ ለእርስዎ የተወው ውሻ ነውና ይገባዎታል። ግን ከዚያ በፊት የምናዘዘው ነገር አለኝ። በኅዳር «ውሻው ደህና ነው» ብዬ የጻፍኩልዎ ውሸት ነበር።

ከመነሻው ልንገርዎ። አደራዎን ስቀበል የአገሩ ሰው ስቆብኛል። ፈረንጁ ቴሪየር ይለው የነበረው ይህ፣ ቁመቱ ክንድ የማይሞላ፣ ፀጉሩ እንደ አሮጌ ሰሌን የሻከረ ፍጡር ጅብ ሊመልስ ነው ወይ ይሉኝ ነበር። ባለቤቴ አስካለ ማርያምም እንደሚያውቋት ናት፤ ውሻ ደጃፏን አያልፍም። እሱ ግን ባንድ ሳምንት ጎተራውን ከአይጥ አጸዳው። እርስዎ እንዳዘዙኝ ቅዳሜ ቅዳሜ አጥበዋለሁ፣ መዥገሩን እለቅምለታለሁ፣ መዳፉ ላይ የተሰካውን እሾህ አወጣለታለሁ። ጉድጓድ ሲያይ ግን ልጓም የለውም። ወዲያው ይገባና ጅራቱ ብቻ ውጭ ይቀራል።

በጥቅምት ጃርት የጎረቤታችንን የይርሳውን ድንች ፈጀበት። እንደሚያውቁት በእኛ አገር ጃርት የሚወጣው በበርበሬ ጭስ ነው። ደቦ ወጣን። የጉድጓዱን አፎች በድንጋይ ደፍነን፣ ባንደኛው ብቻ ፍምና ደረቅ በርበሬ ጨምረን፣ ዱላ ይዘን ከበብን። ፍሙን የጨመርኩትም፣ ያራገብኩትም እኔ ነኝ። ማናህሎኝን ቤት አስሬው ነበር። ገመዱን በጥሶ ቀድሞን መግባቱን፣ እኛም በላዩ መድፈናችንን ማን ይወቅ!

ከመሬት ውስጥ ሳል ሰማሁ። ይርሳው ጃርቱ ነው፣ አራግብ አለኝ። እኔ ግን ያንን ድምፅ ስንቴ ከእግሬ ሥር ሰምቼዋለሁ። ዶማ አንሥቼ እንደ እብድ ቆፈርኩ። ይርሳውም ነገሩ ሲገባው ድንቹንም ጃርቱንም ረስቶ አፈሩን በእጁ ይዝቅ ጀመር። ስናወጣው አፉ ላይ አምስት የጃርት ወስፌ ተሰክቶበታል፤ ዓይኖቹ ቀልተው አብጠው ተከድነዋል። ማልቀሴን ባልነግርዎ ደስ ይለኝ ነበር፤ አገር ያየው ነውና ይወቁት።

ውሻ ደጃፌን አያልፍም ትል የነበረችው አስካለ ተቀብላኝ ወስፌውን በጉጠት ነቀለች፤ ዓይኑን በለብታ ውሃ አጥባ፣ ለጋ ቅቤ ቀብታ ከምድጃው አጠገብ አስተኛችው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ወተት በጣቷ እያላሰች አቆየችው። የነፍስ አባታችን አባ ገብረሰንበት ቤቱን ጠበል ሊረጩ ሲመጡ፣ ውሻው ይውጣ እንዳይሉ ፈርተን ነበር። እሳቸው ግን ዓይኑን ያጠፋችሁ እናንተ፣ ደጅ የሚያድረው እሱ ነው ወይ ብለው ዙሪያውን ረጭተው ሄዱ።

እትዬ፣ ግራ ዓይኑ ጠፍቷል። ቀኙ ጥላ ጥላውን ያያል መሰለኝ። አሁን ይበላል፣ ይሮጣል፤ ትናንት እንኳ በአፍንጫው ብቻ አይጥ ይዞ መጥቶ እግሬ ላይ ጣለልኝ። ቤቱን፣ አጥሩን፣ የወንዙን መንገድ በልቡ ያውቀዋል። በማያውቀው ከተማ፣ በዚያ ሁሉ መኪና መካከል ምን ይውጠዋል እያልኩ እፈራለሁ። አደራዎን እንዳጎደልኩ አውቃለሁ። ይላክ ካሉ እኔው ራሴ ቡሬ ከተማ ድረስ ታቅፌው ሄጄ ለሙሄዲን አስረክባለሁ። ልቤ የሚፈልገው ግን እዚሁ እንዲቀር ነው።

አባ ገብረሰንበት በጸሎት እንደሚያስቡዎት ንገርልኝ ብለዋል። ይርሳው አንገቱን ደፍቶ ሰላም ይልዎታል። ልጃችን አደይ እጅዎን ትስማለች። አስካለ ማርያምም ጉልበትዎን ስማ ሰላምታዋን ታቀርባለች። ይህን ደብዳቤ ሳነብላት፣ የሚሄድ ከሆነ ቀኑ አስቀድሞ ይነገረኝ፣ እኔ ያን ቀን እናቴ ቤት እውላለሁ አለችኝ።

ታናሽ ወንድምዎ ሃይለ ሚካኤል
ከቡሬ ገጠር፣ ታኅሣሥ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.