የልጅዎ ቀማሾች

ይድረስ እንደ ወለደችኝ እናት ለምሳሳልዎ ለአማቴ፤

እንዴት ሰነበቱልን እማማ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? አዲሱ መነጽርስ ተስማማዎት ወይስ አሁንም ግንባርዎ ላይ ሰቅለው ሲፈልጉት ይውላሉ? እኛ ከናፍቆትዎ በቀር ደኅና ነን። እዚህ ቅጠሉ መርገፍ ጀምሯል፤ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጆሮ ይቆነጥጣል፤ ገበያውም ዱባ በዱባ ሆኗል።

አንድ የምነግርዎ ነገር አለኝ። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት ልጅዎ “እማዬን እንዳታስጨንቃት” ብላ አፌን ስለለጎመችኝ ነው። አሁን ግን ራሷ “ጻፍላት” ብላኛለች። በክረምቱ መጨረሻ የያዛት ጉንፋን ሲለቃት ማሽተቷንና ጣዕም መለየቷን ይዞባት ሄደ። ሐኪሙም “ጊዜ ስጪው” ከማለት ሌላ ያላት የለም። እንደሚያውቁት በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ምድጃውን የምትይዘው እሷ ነበረች። ሾርባው ጨው በዝቶበት ተማሪዎቹ ሳይበሉ ቢመልሱት፣ ማንም ሳይናገራት ራሷ ወደ ሳህን አጠባው ተዛወረች። እቤትም ማማሰያ መንካት ተወች። አብሳዩ እኔ ሆንኩ። እማማ፣ እኔ ቀለም ስቀባ ነው የሚያምርብኝ፤ የቀቀልኩት ሩዝ ግድግዳ ቢለሰንበት እስከ ልጅ ልጅ አይላቀቅም።

እንዲህ ስንንገታገት ከርመን አንድ ቅዳሜ ትልቅ ዱባ ተሸክሜ ገባሁ። ቢላዬን ስስል ትልቋ ልጃችን እናቷን ከመኝታ ቤት እየጎተተች አመጣቻትና “እማ፣ አባባ ይሄንንም ሊያበላሸው ነው። አንቺ ንገሪን፤ እኔ እቀምስልሻለሁ፣ ቁንጫው ያሸትልሻል” አለቻት። እርስዎ ቁንጫው ያሉት ትንሹ ልጃችን ያኔ ወንበር ላይ ወጥቶ አፍንጫውን ዱባው ላይ ደፍቷል። ልጅዎ ዱባውን በጣቷ ኳ ኳ አደረገችው። እምቢ ትላለች ብዬ ልቤ ተሰቀለ። ኋላ ሽርጧን ከሚስማሩ አወረደችና “መጀመሪያ እጃችሁን ታጠቡ” አለች።

ዱባውን እኔ ሰነጠቅኩ፤ ፍሬውን ቁንጫው እስከ ክርኑ ተለውሶ ዛቀ፤ ትልቋ ካሮቱን ላጠች። አስተማሪያቸውን ቢያዩልኝ! ዓይናቸውን አስጨፍና ሽንኩርቱን በጆሮ አስለየቻቸው፤ “ሲጮህ ገና ውሃ አለው፤ ሲያንሾካሹክ ደርሷል” እያለች። ጨው ሲገባ “እንደ እንባ ነው ወይስ እንደ ላብ?” ብላ ጠየቀች። ትልቋ አስባ አስባ “እንደ እንባ፤ ግን ብዙ ያላለቀሰ ሰው እንባ” አለች። “እንግዲያው ትንሽ ቆንጥረሽ ጨምሪ” አለቻት። ቁንጫው ደግሞ ድስቱን አሽትቶ “የአባባ ካልሲ!” ሲል እኔ ልቆጣ ስል እሷ ሮጣ እሳቱን ቀነሰች፤ ለካ ሥሩ መያዝ ጀምሮ ኖሯል።

ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ይባል የለ? ልጆቹም እንደዚያው ናቸው፤ አንዷ ሳታስብ አትናገርም፣ አንዱ ሳይናገር አያስብም። እሷ ግን ሁለቱን አገጣጥማ አንድ ምላስ አደረገቻቸው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ማድቤታችን ገበያ ነው። ስኳር ነው ብለን ጨው ነስንሰንበት የደፋነው የፖም ቅቅልም አለ፤ እሱን ስንደፋ ከሁላችንም በላይ የሳቀችው እሷ ናት።

ባለፈው ሳምንት የወጥ ቤቱ ኃላፊ ልትጠይቃት መጥታ ሾርባውን ቀመሰችና “አፍንጫሽ ተመለሰ እንዴ?” አለቻት። ልጅዎም “አልተመለሰም፤ ቀማሾች ግን አሉኝ” ብላ ልጆቹን አሳየቻት። ሴትዮዋ ሳህኑን ጠራርጋ ስታበቃ “እዚያ ትምህርት ቤቱ ደግሞ እኔ እቀምስልሻለሁ” አለቻት። ሰኞ ምድጃዋ ፊት ተመልሳ ቆማለች።

ባለሙያ ሴት እንዳገባሁማ አውቅ ነበር፤ ይህን ያህል ደፋር መሆኗን ግን ያየሁት አሁን ነው። የምትጎርሰው ሁሉ ለእሷ እንደ ወረቀት ነው። ሆኖም ቁጭ ብላ ፊታችንን እያየች፣ የሥራዋን መጣፈጥ ከእኛ አፍ ላይ ታነበዋለች። እንዲህ ያለች ልጅ ስላሳደጉልኝ እግዜር ይስጥልኝ።

እንግዲህ አንድ ልለምንዎ። ስትደውልልዎ “አይዞሽ” እያሉ አያልቅሱባት። “ዛሬ ልጆቹን ምን አሠራሻቸው?” ብለው ይጠይቋት፤ ከዚያ በኋላ ወሬውን እሷው ትይዘዋለች።

ሬዲዮኑን ከፍተው የሚያንቀላፉትን የአባባን ጉልበት ስሜያለሁ። ነርስ ለሆነችው ዋርሳዬ፣ ሱሪዬን አሳጥሮ ላስቀረብኝ ለልብስ ሰፊው አጎታችንም ሰላምታዬ ይድረስ። የዋርሳዬን ሕፃን ልጅ ሁለት ጉንጭ በእኔ ፈንታ ይሳሙልኝ።

አክባሪ አማችዎ፣ ቀለም ቀቢው
ከቤታችን፣ ከማድቤቱ ጠረጴዛ
ጥቅምት 19 ቀን