ስለ አመዴ ያላነበብሽልኝ

ውድ ሊዲያ፣

ጥፋተኛዋ አንቺ ነሽ፤ ሌላ ማንንም አልልም። የልጄን ሞት የደበቁኝ ብዙዎች ናቸው፤ እንባዬን የወሰድሽብኝ ግን አንቺ ብቻ ነሽ። ፊት ለፊት ልነግርሽ ስላልቻልኩ ሐዋሳ ድረስ እጽፍልሻለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነውና መስመሬ ቢንጋደድ ታገሺኝ።

ልጄ ዘአማኑኤል ጁባ ጋራዥ ሊሠራ ከሄደ በኋላ የገላኑ ኮንዶሚኒየም ለብቻዬ ሰፍቶኝ ነበር። አንቺ የወንድሜ ልጅ፣ ኮሌጅ ጨርሰሽ ሥራ እስክታገኚ አብረሽኝ ልትኖሪ ስትመጪ ደስ አለኝ። ከምሳ በኋላ ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክተሽ ያንን የጃፓን ፊልም ትከፍቻለሽ። ይህን የምታህል ሴት ካርቱን ታያለች ብዬ ሳቅኩብሽ። "ካርቱን አይደለም እቴቴ፣ አኒሜ ነው" አልሽኝ። ዓይናቸው ሲኒ ያህላል፣ ፀጉራቸው ሰማያዊ ነው፣ ምን ልዩነት አለው አልኩሽ። ለትንሽ ብዬ ቁጭ አልኩ፤ እስከ ማታ አልተነሳሁም።

ለምን እንደያዘኝ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ዘንዶ ስለሚበርበት አይደለም። በዚያ አገር ሰው ሲያዝን ጊዜ ይሰጡታል። ሣሩ በነፋስ ይተኛል፣ ከድስቱ እንፋሎት ይወጣል፣ ማንም አይናገርም። ጉልበት የሌለው ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ደግሞ ይወድቃል፤ የሚስቅበት የለም። እኔ ዕድሜዬን በፋብሪካ ማሽን ጩኸት ውስጥ የጨረስኩ ሴት ነኝ፤ እንዲህ ያለ ዝምታ አላውቅም ነበር። ከሁሉም ደግሞ ያ ዘንዶ የሚጋልበው ወጣት። ስሙ ለአፌ ስለከበደኝ፣ ፀጉሩም አመድ ስለሚመስል፣ አመዴ አልኩት። ሲራመድ ልክ እንደ ዘአማኑኤል ትከሻውን ወደ አንድ ጎን ይጥላል። ከሥር የሚመጣውን የአማርኛ ጽሑፍ አንቺ ታነቢልኛለሽ፤ ስትሰለቺ ትዘልያለሽ። ወረዳው የጎልማሶች ትምህርት ሲከፍት የተመዘገብኩት በእሱ ምክንያት ነው፤ የአመዴ ነገር እንዳይዘለልብኝ።

አንድ ቀን አመዴ ሌሎቹ እንዲሻገሩ ድልድዩ ላይ ብቻውን ቀረ። ጭስ ሆነ፣ ከዚያ አላየነውም። ምን ሆነ ብዬ ስጠይቅሽ ድምፅሽ ተሰበረና "ወደ ሰሜን ሄደ፤ ይመለሳል" አልሽኝ። ጉንፋን ይዞሽ መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ በየክፍሉ ጠበቅኩት። በዚያው ሰሞን ዘአማኑኤልም እኔ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ብቻ በአንቺ ስልክ የሚደውል ሆነ። አሁን ደውሎ ነበር፣ ኔትወርኩ ተቋረጠ፣ ሰላም በያት ብሏል ትይኛለሽ። እኔም አምንሻለሁ።

ሳሪስ አቦ ገበያ የሄድሽ ቀን ፍላሹን ራሴ ሰካሁ። የድልድዩን ክፍል መልሼ ከፈትኩ፤ ጽሑፉ ሳያመልጠኝ ማስቆምን ተምሬ ነበር። ፊደል በፊደል ለቀምኩት። "ሞቷል" ይላል። ቀጥሎ "ለእናቱ ማን ይንገራት?" ይላል። ሊዲያ፣ ለባሌ እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም። ነጠላዬ እስኪረጥብ አለቀስኩ። ሰው እንዳያየኝ አፍሬ በሩን ቆለፍኩ።

ስትመለሺ ፊቴን ታጥቤ ጠበቅኩሽ። ላሾፍብሽ ነበር ያሰብኩት።

"አመዴ ሞቷል" አልኩሽ።

"አነበብሽው እቴቴ?"

"አነበብኩት። ሌላስ ማንን ገድለሽ ደብቀሽኛል?"

የጠየቅኩሽ በፊልሙ ውስጥ ስላለችው ሰማያዊ ፀጉር ልጅ ነበር። አንቺ ግን ፌስታሉን ለቀሽ መሬት ላይ ቁጭ አልሽ። ቲማቲሙ እስከ በሩ ተንከባለለ። መናገርም አላስፈለገሽም።

በማግስቱ ማለዳ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ለብሰው ደረጃውን ሲወጡ ከመስኮት አየኋቸው። የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ቀጀላ ናቸው የተናገሩት። ልጄ ከዐቢይ ጾም በፊት በወባ ታሞ ሞቷል፤ እዚያው ጁባ ተቀብሯል። "የደም ግፊትዎ እስኪስተካከል ብለን ነው የቆየነው፣ ወይዘሮ ወርቅነሽ" አሉኝ። ሕንጻው በሙሉ ያውቅ ነበር። የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ ጣይባ ዓይኗ ቀልቶ ደረጃ ላይ ሳገኛት "ሽንኩርት ስከትፍ ነው" ያለችኝ፣ ለእሱ አልቅሳ ኖሯል።

ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። እኔ ምንም አልመጣልኝም። ፈለግኩት፣ የለም። እንባዬ ትናንት ለአመዴ አልቋል። አንዷ ከኋላዬ "ደነደነች እኮ" ስትል ሰማሁ፤ እውነቷን ነው። ከዚያ ወዲህ እንደዚያው ነኝ። ስበላ ጨው አለው የለውም አላውቅም። ሰው ሲያናግረኝ ከሌላ ክፍል የሚመጣ ድምፅ ይመስለኛል።

ለእኔ ብላችሁ መሆኑን አውቃለሁ። አመዴን ያላነበብሽልኝም አፍሽ እንቢ ስላለሽ መሆኑ አሁን ገብቶኛል። ገባኝ ማለት ግን ይቅር አልኩ ማለት አይደለም። ፍትሐት የሚገባውን ልጅ "በሰላም መልስልኝ" እያልኩ ስጸልይ ከረምኩ፤ አንቺም አጠገቤ ቆመሽ አሜን ትይ ነበር።

ሥራ አግኝተሽ ሐዋሳ ከሄድሽ በኋላ አዲሱ ምዕራፍ ወጣ ብለሽ በቴሌግራም የላክሽልኝን አየሁት። ብቻዬን አነበብኩት። ለአመዴ እናት አንድ ሙሉ ክፍል ሰጥተዋታል። ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች፣ ዝናብ ይዘንባል። አንድ ሰው መጥቶ ፊቷ ቆሞ ይነግራታል፤ ከዚያ አጠገቧ ቁጭ ይላል። በርቺ የሚላት የለም። አላለቀስኩም። ግን ደጋግሜ አየሁት፤ አሁንም አየዋለሁ።

እሁድ እሁድ ደውለሽ እንዴት ነሽ ትይኛለሽ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ እልሻለሁ። አንቺም እፎይ ብለሽ ስለ አዲሱ መሥሪያ ቤትሽ ታወሪኛለሽ። ደህና አይደለሁም። አንቺ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው፤ እናንተም እንዲሁ ብላችሁ ነበር የጀመራችሁት። መደወሉን አትተዪ፤ አነሳልሻለሁ። ከእንግዲህ ግን ደህና ነኝ አልልሽም።

አክስትሽ ወርቅነሽ