ስድስት አዋሳኝ ያለው ቤት

ማንጠግቦሽ፣ የቤቴ እመቤት፤

ከተለየሽኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ሙት ዓመትሽን በቡሬ ገጠር፣ በተቀበርሽበት አጥቢያችሁ፣ እንደ ወጉ አውጥተናል። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ ቤቱ ነው፤ ፍኖተ ሰላም ላይ በስምሽ ስለወጣው ኮንዶሚኒየም። ታናሽ ወንድምሽ ይሁኔ ያደረገውን ልነግርሽ እፈልጋለሁ። ከመጀመሪያው ጀምሬ በተራ ነው የምነግርሽ፤ ጠባዬን ታውቂዋለሽ።

የተለወጠውንና ያልተለወጠውን ላስቀድም። ውኃው አሁንም ቀን ቀን እስከ ሁለተኛ ፎቅ ብቻ ነው የሚወጣው። እኛ ሦስተኛ ላይ ያለን በጀሪካን እንሸከማለን። ለከብት ማረጃና ለልብስ ማጠቢያ ተብሎ የተሠራው የጋራ ቤት አንድ ጧት ተቆልፎ አገኘነው። ውስጡ እህል ታጭቆበታል፤ የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ወይም የሚናገር የለም። የኮሚቴውን ሰብሳቢ ብጠይቀው «ጉዳዩ በአንድ ለአምስት ውይይት ይታያል፣ መምህር» አለኝ። ከአንድ ለአምስቱ አባላት ሦስቱን አስተምሬአቸዋለሁ። የቤት ሥራ ሳይሠሩ ሲመጡ ያሳዩኝ የነበረውን ፊት ዛሬም አልቀየሩትም። በረንዳው ላይ በቆርቆሮ የተከልሽው ጤናዳም ግን ደህና ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ የላይኛዋ ጎረቤት፣ የባንክ ቤቷ ልጅ፣ እጣቢ እያፈሰሰችበት ነው ብዬ ጠርጥሬ ነበር። ሳምንት ሙሉ ተከታትዬ ዝናብ ሆኖ አገኘሁት።

ትስቂያለሽ። «አንተ ሰላምታም በቀይ እስክርቢቶ ታርማለህ» ትይኝ ነበር። ዕጣው የወጣ ዕለትም አዳራሹ ውስጥ ስምሽ ሲጠራ እጅሽን ያዝኩና፣ ቆይ፣ ስመ ሞክሼ ሊኖርሽ ይችላል፣ እስከ አያት ድረስ ያንብቡት አልኩሽ። «የአያቴ ስም እስኪነበብ እልልታዬን አፌ ውስጥ ላቆየው?» ብለሽ ለቀቅሽው። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየን። ቁልፉን የተረከብሽ ዕለት ደግሞ በነጠላሽ ጫፍ ቋጥረሽው ስለነበር በሩን ለመክፈት ደረጃው ላይ ቆመን ቋጠሮ ስንፈታ ቆየን።

ቤቱን በአንቺ ስም ያስመዘገብነው ሴቶች ቅድሚያ ያገኛሉ ስለተባለ ነው። ያን ጊዜ ብልህነት መስሎን ነበር። አሁን የሚያሳስበኝ ያው ነገር ሆነ። በትዳር የተገኘ ሀብት ግማሹ የአንቺ ነው። ልጅ አልወለድንም፤ ወላጆችሽም የሉም። ስለዚህ የአንቺ ግማሽ የሚያልፈው ለወንድምሽ ነው። ይህን ከቀብርሽ ስመለስ መኪና ውስጥ ነው ያሰላሁት። አፍሬበታለሁ፤ ሒሳቡ ግን ትክክል ነበር።

ይሁኔ ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ በገበያ ቀን መምጣት አዘወተረ። ድንች ይዞ ይመጣል፣ ጋቢውን ሳያወልቅ ይቀመጣል፣ ስለ ዝናቡና ስለ ማዳበሪያው ያወራል። ስለ ቤቱ አንድ ቃል አይናገርም። ዓይኑ ግን አያርፍም። አንድ ቀን ግድግዳውን በዱላው ጫፍ ቆርቆር አደረገና «ምነው ባዶ ይጮኻል?» አለኝ።

ብሎኬት ስለሆነ ውስጡ ክፍት ነው አልኩት።

«እንግዲያማ ግማሹ ንፋስ ነዋ!» ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። «ግማሹ» ያላትን ቃል ይዤ ሳምንቱን ሁሉ ሳብላላት ሰነበትኩ።

ከዚያ ከታችኛው ፎቅ ወይዘሮ ስንዱ ደረጃ ላይ አስቆሙኝ። ወንድምሽ ከኛ በላይ ማን እንዳለ፣ ከኛ በታች ማን እንዳለ፣ በቀኝ በግራ ያለው ማን እንደሚባል ጥበቃውን ሲጠይቅ ሰምተውታል። «የአባታቸውን ስም ሳይቀር ጠየቀ እኮ! ምን ሊያደርግልን ነው፣ ሊድረን ነው?» አሉኝ። እሳቸው እንደ ቀልድ ነው የተናገሩት። እኔ ግን ለክስ የሚቀርብ ማመልከቻ እንዴት እንደሚጀምር አውቃለሁ። ቤት ሲከሰስ መጀመሪያ የሚጠቀሰው አዋሳኙ ነው። በማግስቱ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ካለው ማመልከቻ ጻፊ ዘንድ ሄጄ ጠየቅሁ፤ እኔ የማውቀውን መልሶ ነገረኝ። ስመለስ አዲስ ጓጉንቸር ገዛሁ።

ይሁኔ በሚቀጥለው ገበያ አየው። «ሌባ አለ እንዴ፣ መምህር?»

ይባላል፣ አልኩት።

«ታዲያ ውሻ አያሳድጉም?»

ፎቅ ላይ?

«ምን አለበት፤ እርስዎስ ፎቅ ላይ አይደሉ!»

ቀጥታ ለምን አልጠየቅኸውም ትይኝ ይሆናል። የሚስቱን ወንድም፣ ያውም ድንች ተሸክሞ የመጣ እንግዳ፣ «ቤቴን ልትወስድ ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው በእናንተ አገር አላየሁም። እሱም አይናገርም፣ እኔም አልጠይቅም፤ ድንቹን እየላጥን በጋውን ጨረስነው።

በሰኔ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በሩ ተንኳኳ። ይሁኔ ነው። ከኋላው የነፍስ አባትሽ ቄሱና አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። ሌላው ሽማግሌ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደክሟቸው ቁጭ ብለው ስለነበር ድምፃቸው ከታች ይሰማ ነበር፤ «ይች ልጅ በየቀኑ ወደ ሰማይ ስትለማመድ ነው የኖረች!» ይላሉ። ሁሉም ደርሰው ገቡ፤ ተቀመጡ ብል ግን እንቢ አሉ። ጉዳያቸው ሳያልቅ እንደማይቀመጡና እህል እንደማይቀምሱ ቄሱ ነገሩኝ። የምጠብቀው ነገር መጣ አልኩ።

ይሁኔ ጋቢውን አጣፋና «መምህር፣ የእታለምን ድንበር ያሳዩን» አለ። አንቺን ዛሬም «እታለም» ነው የሚልሽ።

ወጉን አንቺ ታውቂዋለሽ። እናንተ ዘንድ ሰው ሲሞት ድርሻው እንዳይጠፋ ዘመድ በምስክር ፊት ድንበሩን ይዞራል። እዚህ ግን ምን ላሳይ? ግድግዳውን እየነካሁ ከክፍል ወደ ክፍል መራኋቸው። መኝታ ቤታችንን፣ ወጥ ቤቱን፣ በረንዳውን አሳየሁ። ይሁኔ እየተከተለ ለሽማግሌዎቹ አዋሳኙን በቃሉ ይጠራ ጀመር። በምሥራቅ ጎረቤቱ ጤና ረዳት፣ በምዕራብ የሁሉም ደረጃ፣ በሰሜን ንፋስ፣ በደቡብ ንፋስ፣ በላይ የባንክ ቤቷ ልጅ፣ በታች ወይዘሮ ስንዱ። ጥበቃውን ሲጠይቅ የከረመው ለዚህ ነበር።

«እርሻ አራት አዋሳኝ ነው ያለው፤ ይህ ስድስት አለው» አለ። «በላይም በታችም ሰው የሚገፋው ርስት አይቼ አላውቅም። እታለም እንዴት ችላው ኖረች?»

ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻልኩም። ግማሹ የእሷ ነው፣ በሕግም ለአንተ ነው፣ ከየት እስከ የት እንደምትፈልግ በነዚህ አባቶች ፊት ተናገር አልኩት። ድምፄ እንደተማሪ ተንቀጠቀጠ።

«አውቃለሁ» አለኝ፤ «ጠይቄአለሁ።»

ጥርጣሬዬ ልክ ነበር ማለት ነው። ጠይቋል። ምናልባት እኔ የጠየቅሁትን ያንኑ ማመልከቻ ጻፊ ይሆናል።

ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «እኔ በሷ ጀርባ ታዝዬ ነው ያደግሁ። ባሏን ከቤቷ ባስወጣ በመቃብሯ በኩል እንዴት ብዬ አልፋለሁ? እስኪሞቱ ይኑሩበት። አልሸጥም፣ አልከስም፣ ልካፈል አልልም። ከሞቱ ወዲያ ግን የእታለም ግማሽ ለልጆቼ ነው። ምስክር ሁኑኝ።»

ቄሱ ወደ እኔ ዞረው «ሰምተሃል፣ ልጄ?» አሉኝ። ሰምቻለሁ አልኩ። ተቀብያለሁም አልኩ። ያን ጊዜ ተቀመጡ። ያለኝን አቀረብኩ፤ በሉ፣ ጠጡ፣ መረቁኝ። ምርቃቱ ረጅም ዕድሜ ስጠው የሚል ነበር። ይሁኔ አሜን ሲል ድምፁን ልብ ብዬ አዳመጥኩት። ከሌሎቹ አላነሰም።

ቤቱ እንግዲህ በእጄ ነው፤ አልወጣም። የምኖረው እያንዳንዱ ዓመት ግን የይሁኔ ልጆች ዕዳ ሆነብኝ። ይሁኔ አሁንም በገበያ ቀን ይመጣል። ገና ከበሩ «ጤናዎ እንዴት ነው?» ይለኛል። ዕድሜ ልኬን የተጠየቅሁት ጥያቄ ነው፤ እንደ ፈተና የከበደኝ ግን ዘንድሮ ነው። ሳል ከያዘኝ እሱ ወጥቶ የደረጃው ኮቴ እስኪጠፋ ውጬ እይዘዋለሁ። ባለፈው ጉልበቴን ሲያይ አየሁት። ሳልለምነው ወረደና ጀሪካኖቹን ሁሉ ሞልቶ አመጣልኝ። እንዳልደክም አዝኖ ነው ወይስ ምን ያህል እንደቀረኝ ሊያይ? ሁለቱንም መረመርኩ። ማስረጃው ለሁለቱም እኩል ይሆናል።

ይህን ሁሉ አመዛዝኜ አንድ ውሳኔ ላይ ደርሻለሁ፤ ቶሎ አልሞትም። ቀስ ብዬ ደረጃ እወጣለሁ፣ ጨው ቀንሻለሁ፣ ዝናብ አልመታም። በሩ ላይ ስምሽ አለ። ኮሚቴው የነዋሪ ስም ይታደስ ብሎ መጥቶ ነበር፤ ባለቤቷ አልተለወጠችም ብዬ መለስኩት። ከእኔ በኋላ የይሁኔ ልጆች ቤቱን ሊሸጡት ይችላሉ፤ የሚገዛው ሰው ማንጠግቦሽ ማን ነበረች ብሎ አይጠይቅም። እኔ እስካለሁ ግን ይህ የአንቺ ቤት ነው፤ ማታ መብራት ሳበራ ስምሽን እጠራለሁ፤ ይህን ቃል ሰጥቼሻለሁ።

ወንድምሽ «እስኪሞቱ ይኑሩበት» ያለው ስምሽ በቤትሽ ሲጠራ እንዲኖር አስቦ ይሆን እያልኩ እጠረጥራለሁ። ይህን ጥርጣሬ ብቻ አልመረምረውም።

ባልሽ