የከዋክብቱና የመርዳሳ ዕድሜ

ለውድ ወንድሜ ለሰንበታ ወዬሳ፤ ኦዴሳ

ወንድምዓለም፣ ጤናህ እንዴት ነው? ብርዱስ? ያ ሲያምህ የከረመው ደረትህ ተሻለህ? እኛ በሕይወት አለን፤ ከዚያ አልፌ ደህና ነን ብዬ ልዋሽህ አልችልም። ይህን ደብዳቤ በፖስታ ያልላኩት፣ እዚያው አብሮህ የሚማረውና ለዕረፍት ደራ መጥቶ የነበረው ጓደኛህ ገመዳ ሲመለስ በእጁ ይዞልህ፣ አጠገብህ ተቀምጦ እንድታነበው ብዬ ነው። እስክትጨርስ አይነሣ።

ወንድማችን መርዳሳ ዐርፏል። መርዶ በወረቀት እንደማይነገር አውቃለሁ፤ ግን ባሕር ተሻግሮ በርህን የሚያንኳኳ ሽማግሌ ከየት ላምጣልህ? በሐምሌ፣ አብሮት ሰሜን የዘመተው ደሊል የሚባል ልጅ በክራንች እየተደገፈ ቤታችን መጣ። መርዳሳ ከጎኑ እንደወደቀ ነገረን። እማዬ አልጮኸችም። «አፈር አልብሰኸዋል?» አለችው። «በእጄ ነው የቀበርኩት እማማ» ሲላት ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ሳመችው።

በለቅሶው በሦስተኛው ቀን የእማዬ ወንድም ጋሽ አብተው፣ «ሰንበታ ይጠራ! ሰማይ ሲያይ ከሚከርም መጥቶ እናቱን ይደግፍ» አሉ። ድንኳን ውስጥ የነበረው ሁሉ እውነት ነው አለ። ያን ጊዜ እማዬ በፋሲካ የጻፍክልንን እንዳነብ አዘዘችኝ። ስለ እነዚያ ደብዛዛ፣ ትንንሽ ጋላክሲዎች የጻፍከውን አነበብኩ፤ ብርሃናቸው ስስ ስለሆነ ለብዙ ዘመን ልብ ብሎ ያያቸው ሰው እንዳልነበረ፤ በውስጣቸው ግን በግማሽ ቀን ደመቅ ፈዘዝ የሚሉ በጣም ያረጁ ከዋክብት እንዳሉ፤ አንተም ከእነሱ ተነሥተህ እያንዳንዷ ጋላክሲ ከዋክብቷን መቼ እንደወለደች፣ መቼ መውለድ እንዳቆመች እንደምትመረምር። አባባ ከደራ ለመጡት ዘመዶች በኦሮምኛ ያስረዱ ነበር።

ስጨርስ እማዬ ተነሣች። «ወንድሜ፣ መርዳሳን ከገበያ መንገድ ሲያፍሱት ዐሥራ ስምንት አልሞላውም ነበር። ዕድሜህ ስንት ነው ያለው ሰው የለም። ይሄኛው ልጄ ማንም ዞር ብሎ ያላያቸውን ከዋክብት ዕድሜ እየጠየቀ ነው። ተዉት፣ ይጠይቅ። አንዱን በጦር አጣሁ፤ ሌላውን በለቅሶ አላጣም» አለች። ጋሽ አብተው ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጎትተው አለቀሱ።

ስለዚህ፣ የመርዳሳ ድምፅ ከጠፋ ትምህርቴን ትቼ እመጣለሁ ያልከውን እርሳው። አፈሳው ገና አልቆመም፤ ብትመጣ የሚጠብቅህን ገመዳ በአፉ ይነግርሃል። አልቅስ፣ ይውጣልህ፤ ከዚያ ወደ ሥራህ ተመለስ። እኔ ናፍቀኸኛል፤ ይህንን ግን አልደብቅህም።

አባባ «ጀባዹ፣ በርታ» ብለውሃል። ታናሻችን ዘርፉ ፀጉሯን ለሐዘን ተላጭታለች፤ ሰላም ትልሃለች። ጋሽ አብተው አይቀየመኝ ብለዋል። እማዬ ሁለቱንም ጉንጭህን ስማሃለች፤ በመርዳሳም ፈንታ ደግማ ስማሃለች።

እህትህ ሎሚ ወዬሳ
ናዝሬት፣ ነሐሴ 20 ቀን 1980 ዓ.ም.